የፊሊፒኖችን ታሪክ ከዘመኑ ሰነዶች ማጥናት፦ ደረጃ በደረጃ

"የፊሊፒንስን ታሪክ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?" የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ከፊሊፒኖች ጋር አብረው የሚኖሩና የሚሠሩ ናቸው። ጓደኞቻቸው ስፔኖችን ስለተዋጋው የማክታን ደሴት አለቃ ስለ ላፑላፑና ስፔኖች ስለገደሉት ጸሐፊ ስለ ሆሴ ሪዛል ሲያወሩ ይሰማሉ። ከዚያ ቪዲዮ ይከፍታሉ፤ አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል። የቀሩት ደግሞ የታሪክ ተማሪዎች ናቸው።

ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ በአንዴ ለመጨበጥ አትሞክሩ። አንድ ክስተት ምረጡና በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ስለሱ የተዉትን ፈልጋችሁ ራሳችሁ አንብቡ። እነዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጮች ይባላሉ፦ ደብዳቤ፣ የመርከብ ማስታወሻ፣ በምርመራ የተሰጠ ቃል፣ አዋጅ፣ ፎቶ፣ የተቀረጸ ብረት። እነዚህን አንብቦ ሌላ ሰው በኋላ የጻፈው ታሪክ ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ነው።

ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያን ስጠቀም እናገራለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኢንተርኔት ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር። ስልክ ይበቃል፤ ረጅም ሰነድ ግን በስልክ ማንበብ ዓይን ያደክማል።
- ደብተር። ለአንድ ሰነድ አንድ ገጽ ትመድባላችሁ።
- መካከለኛ የእንግሊዝኛ ንባብ። አብዛኛው ትርጉም ያለው በእንግሊዝኛ ነው።
- የስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ወይም የስልክ መተርጎሚያ። ቋንቋውን መቻል ግዴታ አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ማመሳከር ግን ያስፈልጋል።
- የፊሊፒንስ ካርታ። ሴቡ፣ ማክታን፣ ማኒላ፣ ካቪቴ እና ሊማሳዋ የት እንዳሉ ሳታዩ ጽሑፉ አይገባችሁም።

ገንዘብ አያስፈልግም። እዚህ የምጠቅሳቸውን ዋና ዋና ጽሑፎች በነፃ ማንበብ ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ጠባብ ጥያቄ ያዙ

"ስፔን ፊሊፒንስን እንዴት ገዛች?" የሚለው ሰፊ ነው። "ማጄላን (የስፔንን መርከቦች እየመራ ወደ ፊሊፒንስ የመጣው መርከበኛ) ማክታን ላይ እንዴት ሞተ?" የሚለው ግን ይያዛል። ጥያቄው ቦታ፣ ጊዜና ሰው ይኑረው።

ጥያቄው ሲጠብ የምታነቡት ሰነድ ከሦስትና ከአራት አይበልጥም። ትጨርሱታላችሁ። ሰፊ ጥያቄ ይዘው የጀመሩ ብዙ ሰዎች ሃምሳ ፋይል አውርደው አንዱንም ሳያነቡ ሲተዉት አይቻለሁ።

ደረጃ 2፦ ጥያቄያችሁ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለዩ

እያንዳንዱ ዘመን የተወልን ሰነድ የተለየ ነው። የተሳሳተ ቦታ ከፈለጋችሁ ምንም አታገኙም።

*ከስፔኖች በፊት።* ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው። እስካሁን ከተገኙት ቀኑ የሚታወቀው ቀደምት ሰነድ የላጉና የመዳብ ጽሑፍ ነው። ቀኑ ከ900 ዓ.ም. ጋር ይገጥማል፤ የተጻፈው ካዊ በሚባል ጥንታዊ የጃቫ ፊደል፣ በዋናነት በጥንታዊ ማላይ ቋንቋ ነው። የሚናገረው ስለ ንጉሥ ገድል አይደለም። ናምዋራን የተባለ ሰውና ቤተሰቡ ከዕዳ ነፃ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል፤ ወረቀቱ ግን መዳብ ነው። ማኒላ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አንድ የዕዳ ደረሰኝ በዚያ ዘመን ማዕረግ፣ ወርቅ በሚዛን እና የቀን አቆጣጠር እንደነበረ ያሳያል። ለዚህ ነው የምወደው።

*16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን።* የመጻፊያውን ብዕር የያዙት በብዛት የውጭ ሰዎች ናቸው። ከማጄላን ጋር የተጓዘው ጣሊያናዊ አንቶኒዮ ፒጋፌታ፣ የታጋሎጎችን (በማኒላና በአካባቢዋ የሚኖረውን ሕዝብ) ልማድ በ1589 የጻፈው ፍራንሲስካዊው መነኩሴ ሁዋን ዴ ፕላሴንሲያ፣ መጽሐፉን በ1609 ሜክሲኮ ያሳተመው የስፔን መንግሥት ሹም አንቶኒዮ ዴ ሞርጋ ዋነኞቹ ናቸው። በ1590 አካባቢ የተሠራውና በቀለም ሥዕሎቹ የታወቀው የቦክሰር ኮዴክስም አለ። ሰው ምን ይለብስ እንደነበር ማየት ለሚፈልግ እሱን የሚተካ የለም።

*19ኛው ክፍለ ዘመንና አብዮቱ።* እዚህ ጋ ፊሊፒኖች ራሳቸው በብዛት ይጽፋሉ። ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ የምርመራ ቃል፣ ማስታወሻ አለ። የአሜሪካ ጦር ከአብዮተኞቹ የማረካቸው ሰነዶች በ1958 ለፊሊፒንስ ተመልሰው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል።

*ቅርብ ጊዜ።* አዋጆች፣ የቴሌቪዥን ቀረጻዎች፣ እና በሕይወት ያሉ ሰዎች።

ደረጃ 3፦ ሰነዱን አውርዱ

ጀማሪ ከሆናችሁ ከብሌርና ከሮበርትሰን ስብስብ ጀምሩ። ከ1903 እስከ 1909 የታተመ፣ 55 ቅጽ ያለው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አለ፤ ብዙዎቹ ቅጾች ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይም አሉ። የማክታንን ውጊያ የያዘው የፒጋፌታ ጽሑፍ ቅጽ 33 ላይ ነው። ፕላሴንሲያ ቅጽ 7፣ ሞርጋ ቅጽ 15 እና 16 ላይ ናቸው። 54ኛውና 55ኛው ቅጽ ማውጫ ናቸው፤ ስም ወይም ቦታ ስትፈልጉ መጀመሪያ እነሱን ክፈቱ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቅጾቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ይውላል።

የእጅ ጽሑፎቹን ምስል ማየት ከፈለጋችሁ የስፔን መንግሥት ፓሬስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። ሴቪያ ያለው የኢንዲስ ቤተ መዛግብት ሰነዶች እዚያ ይገኛሉ። ለአሜሪካ ዘመን የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጠው ዲጂታል ስብስብ ጥሩ ነው።

*ማስጠንቀቂያ።* ከፓሬስ አትጀምሩ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የስፓኒሽ የእጅ ጽሑፍ ለስፔኖችም ሥልጠና ይጠይቃል። ተስፋ ያስቆርጣችኋል።

*ሌላ ማስጠንቀቂያ።* በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ቃል በመፈለጊያ ስትፈልጉ "የለም" ቢላችሁ አትመኑት። የዚያ ዘመን ማተሚያ የ"ኤስ" ፊደልን ረዘም አድርጎ ስለሚጽፍ ኮምፒውተሩ "ኤፍ" እያለ ያነበዋል። ገጹን በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 4፦ ለሰነዱ መታወቂያ አውጡለት

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት በደብተሩ ራስጌ ላይ እነዚህን መልሱ፦

- ማን ጻፈው? ሥራው ምን ነበር?
- መቼና የት ጻፈው? ክስተቱ ከሆነ ስንት ጊዜ በኋላ?
- ለማን ጻፈው? ምን ፈልጎ?
- በምን ቋንቋ? የምታነቡትን የተረጎመው ማን ነው?
- ዋናው ቅጂ ዛሬ የት ነው? እስከዚያ ድረስ በማን እጅ ነበር?

ሰው የሚዘለው የመጨረሻውን ነው። መዝለሉ ምን እንደሚያስከትል የካላንቲያው ሕግ ያሳያል። በ1433 በፓናይ ደሴት አንድ አለቃ አወጣው የተባለ የወንጀል ሕግ ነው፤ ቅጣቶቹም ዘግናኝ ናቸው። ለአሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቆይቷል። ዊልያም ሄንሪ ስኮት የተባለ ተመራማሪ በ1968 ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ሰነዱ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ተከታተለው። መንገዱ ሆሴ ማርኮ የተባለ ሰው ጋ ቆመ፤ ሰውየው በ1914 ለቤተ መጻሕፍት ከሰጣቸው ጽሑፎች መካከል ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ሕጉ የሚናገር አንድም ታማኝ ምንጭ የለም። ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ ብሔራዊ የታሪክ ተቋምም በ2004 ታሪካዊ መሠረት እንደሌለው አወጀ። ዛሬም ግን በማኅበራዊ ሚዲያ እንደ እውነት ሲዞር ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ "በማን እጅ ነበር?" ለሚለው መልስ ያላገኛችሁለትን ሰነድ ወደ ጎን አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ሁለት ጊዜ አንብቡ

መጀመሪያ ምን እንደሚል ብቻ አንብቡ። ሁለተኛውን ንባብ ግን እርሳስ ይዛችሁ፣ በየዓረፍተ ነገሩ "ይህን እንዴት አወቀ?" እያላችሁ ነው።

ማክታንን እንውሰድ። ቀኑ ኤፕሪል 27 ቀን 1521 ነው። ፒጋፌታ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ስልሳ ሰዎች በጀልባ ሄዱ። ባሕሩ ውስጥ ባለው ድንጋይ ምክንያት ጀልባዎቹ ወደ ዳር መጠጋት አልቻሉም። አርባ ዘጠኙ እስከ ጭን በሚደርስ ውኃ ውስጥ ዘለው ወርደው ረጅም ርቀት ተራመዱ፤ አሥራ አንዱ ጀልባ ለመጠበቅ ቀሩ። ዳር ላይ ከ1,500 በላይ ተዋጊ በሦስት ተከፍሎ ጠበቃቸው። ማጄላን ቀኝ እግሩን በተመረዘ ቀስት ተመታ። በኋላ በቀርከሃ ጦር ፊቱን ተወጋ፤ ግራ እግሩን በትልቅ ስለት ተመታና በግንባሩ ወደቀ። ወዲያው ብዙ ሰዎች ተረባረቡበት።

አሁን እርሳሱን አንሱ።

"አርባ ዘጠኝ" የሚለው ይታመናል? ይታመናል። ፒጋፌታ ራሱ ከነሱ አንዱ ነበር፤ ቆስሏልም። የራስ ወገን ጥቂት ሰው ይቆጠራል። "1,500" የሚለውስ? ቀስት እየዘነበበት በውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ያን ያህል ሕዝብ አይቆጥርም። በደብተራችሁ "ግምት" ብላችሁ ጻፉ። ሽንፈት ሲደርስ የጠላት ቁጥር እንደሚያድግም አስታውሱ።

ጸሐፊው ሟቹን እንዴት ነው የሚጠራው? መስታወታችን፣ ብርሃናችን፣ መጽናኛችን፣ እውነተኛ መሪያችን እያለ ነው። አለቃውን ይወድ ነበር። ስለዚህ የማጄላንን ስህተት አለዝቦ ሊያልፈው ይችላል፤ ጀግንነቱን ደግሞ ሊያጎላ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን የሌለውን ፈልጉ። ፒጋፌታ ላፑላፑን የሚጠራው አልታዘዝም ያለ የማክታን አለቃ ብሎ ነው። ማጄላንን በእጁ ገደለው አይልም። ሐውልቱና ሥዕሉ የሚያሳዩን ያ ትዕይንት ከዚህ ጽሑፍ አልመጣም። ላፑላፑ ያን ቀን ምን እንዳሰበ፣ ሰዎቹን እንዴት እንዳሰለፈ፣ ከድሉ በኋላ ምን እንደተባለ ከማክታን ወገን የተጻፈ አንድ መስመር አልደረሰንም። ይህን ዝምታ በደብተራችሁ ጻፉት። የዚያ ዘመን ፊሊፒኖችን የምናያቸው በዋናነት በእንግዳ ዓይን ነው፤ ይህን ሳያስታውስ የሚያነብ ሰው የጸሐፊውን ፍርድ እንደ እውነት ይውጠዋል።

ደረጃ 6፦ ሌላ ምስክር ጥሩ

አንድ ምስክር አይበቃም። ለማክታን ማክሲሚሊያኑስ ትራንሲልቫኑስ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ በብሌርና በሮበርትሰን ስብስብ ቅጽ 1 ላይ ታገኙታላችሁ። ሰውየው ጉዞው ላይ አልነበረም። በ1522 የተመለሱትን ጠይቆ ነው የጻፈው። ስለዚህ ከፒጋፌታ እኩል አታስቀምጡት፤ የሚጋጩበትን ነጥብ ግን ምልክት አድርጉ።

ይህን ደረጃ ለመለማመድ የተሻለው ግን የ1896ቱ አመፅ ነው። አንድሬስ ቦኒፋሲዮ የሚመራው ካቲፑናን የተባለ ምስጢራዊ የአብዮት ማኅበር ሰዎች ሴዱላ የሚባለውን የግብር ወረቀት ቀደው በስፔን ላይ ተነሡ። የትና መቼ?

- ፒዮ ቫሌንዙዌላ፦ ፑጋድ ላዊን፣ ኦገስት 23።
- ሳንቲያጎ አልቫሬዝ፦ ባሃይ ቶሮ፣ ኦገስት 24።
- የቦኒፋሲዮ ሚስት ግሬጎሪያ ዴ ሄሱስ፦ ካሎኦካን አቅራቢያ፣ ኦገስት 25።
- ጊዬርሞ ማሳንግካይ፦ ባሊንታዋክ፣ ኦገስት 26።

አራት ሰው፣ አራት ቀን፣ አራት ቦታ። በደብተራችሁ አራት መስመር አስምሩና ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ እዚያ ነበር? መቼ ተናገረ? ለማን ተናገረ? ያኔ ነገሩ መፍታት ይጀምራል። አልቫሬዝ የካቪቴ ሰው ነው፤ በቦታው አልነበረም። ቫሌንዙዌላ በ1896 ታስሮ ለስፔኖች ቃሉን ሲሰጥ ያለው ባሊንታዋክ ነው፤ ፑጋድ ላዊን ያለው በኋለኛ ዕድሜው ነው። እስረኛ ሆኖ ለመርማሪ የተሰጠ ቃልና በእርጅና የተጻፈ ትዝታ ሁለቱም የራሳቸው ችግር አላቸው። የመጀመሪያው በፍርሃት ይጣመማል፤ ሁለተኛው በመርሳት። ሰዎቹ በእነዚያ ቀናት ከቦታ ቦታ ሲሸሹ እንደነበረም አትርሱ፤ ስብሰባውም ከአንድ በላይ ነበር። ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ሰዓት ላይሆን ይችላል።

የፊሊፒንስ መንግሥት ከ1963 ጀምሮ የሚያከብረው ኦገስት 23ን ነው። በዓሉ የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ የእናንተ ሥራ ማስረጃውን መመዘን ነው።

ደረጃ 7፦ ትርጉሙን ፈትሹ

የብሌርና የሮበርትሰን ትርጉም ጠቃሚ ነው፤ ስህተትና ጎደሎ ግን አለበት። የተሠራውም አሜሪካ አገሪቱን በያዘችበት ዘመን ነው። ስለዚህ ክርክራችሁ በሙሉ የቆመበት አንድ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ያንን አንዱን ዓረፍተ ነገር በዋናው ቋንቋ ፈልጋችሁ አመሳክሩ። ሙሉውን መጽሐፍ ማመሳከር አይጠበቅባችሁም።

የፒጋፌታ ነገር ደግሞ ይለያል። ለስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ በእጁ የሰጠው ጽሑፍ የለም። ያሉን አራት የእጅ ቅጂዎች ናቸው፤ አንዱ በጣሊያንኛ፣ ሦስቱ በፈረንሳይኛ። የጣሊያንኛው ሚላን ነው ያለው። ስትጠቅሱ ከየትኛው እንደተተረጎመ ጻፉ።

የሞርጋን መጽሐፍ ሆሴ ሪዛል በለንደን የብሪትሽ ሙዚየም ቁጭ ብሎ በእጁ ገልብጦ፣ የግርጌ ማብራሪያ ጨምሮ በ1890 አሳትሞታል። እዚህ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። የሪዛል ማብራሪያ ስለ 1609 ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ነው። ስለ 1890፣ ማለትም ሪዛልና ጓደኞቹ ያለፈውን ታሪካቸውን እንዴት ያዩት እንደነበር ግን የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው። አንድ ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ጥያቄያችሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ስምና ቀን አስተካክሉ

ስም። ፒጋፌታ ሴቡን "ዙቡ"፣ ማክታንን "ማታን" ይላል። የዛሬውን አጻጻፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ያመልጣችኋል። በድሮ የስፔን ሰነድ ውስጥ የአገሩ ሰው "ኢንዲዮ" ተብሎ ነው የሚጠራው፤ "ፊሊፒኖ" የሚባለው ለረጅም ጊዜ እዚያ የተወለደ ስፔናዊ ነበር። ሁለቱን ካምታታችሁ ተበዳዩን በዳይ ታደርጉታላችሁ። የቤተሰብ ስምም አያሳስታችሁ። በ1849 ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ ሕዝቡ ከተዘጋጀ ዝርዝር የቤተሰብ ስም እንዲወስድ አዝዟል። ስለዚህ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም።

ቀን። የፒጋፌታ ጓዶች በምዕራብ በኩል ዓለምን ዞረው ሲመለሱ በእነሱ ቆጠራ ረቡዕ የነበረው ቀን ኬፕ ቨርዴ ላይ ሐሙስ ሆኖ ጠበቃቸው። ፊሊፒንስም ከሜክሲኮ በኩል ስለተገዛች ከእስያ ጎረቤቶቿ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ቆይታለች፤ ያስተካከለችው ዲሴምበር 31 ቀን 1844ን በመዝለል ነው። ከዚያ በፊት የማኒላና የማካው ሰነዶች በአንድ ቀን ቢለያዩ ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ስትቀይሩ ከመስከረም በፊትና በኋላ ያለውን ለዩ። ኦገስት 1896 በእኛ 1888 ነው። አዎ፣ የዓድዋ ዓመት። ሪዛል የተገደለበት ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ግን 1889 ውስጥ ይገባል።

ሰነድ ላይ ያለው ቀንና ነገሩ የታወጀበት ቀንም ይለያያሉ። የፕሬዚዳንት ማርኮስ የወታደራዊ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1081 የያዘው ቀን ሴፕቴምበር 21 ቀን 1972 ነው። ሕዝቡ የሰማው በ23ኛው ነው።

ደረጃ 9፦ በሕይወት ያለ ምስክር ካለ ጠይቁ

አብራችሁ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ስለ ላፑላፑ የምትነግራችሁ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ አይደለም፤ እሷም ትምህርት ቤት የተማረችው ነው። ስለ ራሷ ስደት፣ ስለ ኤጀንሲው፣ ወደ ቤት ስለምትልከው ገንዘብ የምትነግራችሁ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት ዜጎቹን ወደ ውጭ አገር ሥራ መላክን በ1974ቱ የሠራተኛ ሕግ ነው ሥርዓት ያስያዘው። ሕጉን ከእሷ ቃል ጎን አስቀምጡት። ማርኮስን ከሥልጣን ያወረደውን የ1986ቱን የኤድሳ ሕዝባዊ ንቅናቄ በዓይኑ ያየ ጎልማሳ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት።

*ማስጠንቀቂያ።* ፈቃድ ሳትጠይቁ አትቅረጹ። ስሟን፣ የአሠሪዋን ስም፣ የውሏን ፎቶ የትም አትለጥፉ። ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ማልቀስ ከጀመረች መቅረጫውን አጥፉ፤ የቀረው ይቆይ።

ደረጃ 10፦ አንድ ገጽ ጻፉ

ሦስት አንቀጽ ይበቃል። አንደኛ፣ ምንጮቹ የሚስማሙበት። ሁለተኛ፣ የሚጋጩበትና ለምን ይመስላችኋል። ሦስተኛ፣ ማንም ያልተናገረው። ከእያንዳንዱ ቁጥርና ቀን አጠገብ ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉ። አሁን ካልጻፋችሁት ከወር በኋላ "1,500" የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት አታስታውሱም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ቪዲዮ ላይ የተነበበ ጥቅስን ዋናውን ሳያዩ መጥቀስ። ጥቅሱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ገጽ አንብቡ።
- "አሮጌ ስለሆነ እውነት ነው" ማለት። የድሮ ሰውም ይዋሻል፣ ይሳሳታል፣ ሹመት ይፈልጋል።
- ጸሐፊው መነኩሴ ወይም ቅኝ ገዢ ስለሆነ ሙሉውን መጣል። ፕላሴንሲያን ብትጥሉት ስለ ታጋሎግ ማኅበረሰብ አደረጃጀት ከምናውቀው ብዙ ይጎድላል። ወገንተኝነቱን ለይታችሁ የቀረውን ተጠቀሙ።
- የማኒላን ታሪክ የመላው አገር ታሪክ ማድረግ። ቪሳያስ፣ ሚንዳናው እና የኢፉጋኦ ተራሮች የየራሳቸው ሰነድና የቃል ትውፊት አላቸው። የሱሉ ሱልጣኖች የዘር ሐረግ ጽሑፍም ሌላ ዓለም ነው።
- ሁለት ምንጭ ሲጋጭ መሃሉን መውሰድ። አንዱ ኦገስት 23፣ ሌላው 26 ቢል እውነቱ 24 ተኩል ላይ አይገኝም። የተሻለውን ምስክር ምረጡ፤ መምረጥ ካልቻላችሁ ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጡ።